«ራሱ ነው የወረደው»

ሰርግ የተጠራ ሰው ዘንድሮ ከሙሽሮቹ ቀጥሎ ቀና ብሎ የሚያየው ድሮን ነው። ሕፃናቱ ጣታቸውን ይቀስራሉ፣ ትልልቆቹ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ቪዲዮ አንሺው ደግሞ ሪሞቱን ይዞ ሜዳው መሃል ይቆማል። ከሰርጉ ሲመለሱ በብዙ ቤት የሚነሳው ጥያቄም ያው ነው፦ «ለእኛስ መቼ ነው የምትገዙልን?» ውጭ አገር አጎት ካለ ጥያቄው በቀጥታ ወደ እሱ ይላካል።

ስለ ድሮን ሲወራ ሁሉም ሰው የሚላት አንድ አባባል አለች። «አትስጉ፣ ባትሪው ካነሰ ራሱ ይመለሳል።» እኔም አምኜ ነበር። ባለፈው የካቲት ቆሼ ላይ የሆነው ነገር ግን «ራሱ» የምትለዋን ቃል ደግሜ እንዳስብባት አድርጎኛል።

የሄድነው ለሥራ ነው። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ የምሠራበት ድርጅት ስለ ፕላስቲክ መልሶ መጠቀም አጭር የማስታወቂያ ፊልም ፈልጎ ነበር። የፊልሙን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ስለነበርኩ አብሬ ወጣሁ። ፈቃዱ ተይዟል፣ ካሜራ ባለሙያውም ልምድ ያለው ነው። ቆሼ፣ በሌላ ስሙ ረጲ፣ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረና ከ30 ሄክታር በላይ የሚሰፋ ቦታ ነው። አጠገቡ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ይታያል።

ባለሙያው ድሮኑን ያስነሳው ከክምሩ ግርጌ፣ መኪናችንን ካቆምንበት ቦታ ነበር። ነፋሱን ከጀርባው ይዞ ክምሩን አቋርጦ ሄደ። ከላይ የሚታየው ነገር ዓይን ይይዛል፤ አባ ኮዳው፣ ጭልፊቱ፣ ጭሱ፣ በመካከሉ ጎንበስ ብለው የሚለቅሙት ሰዎች። ትንሽ ቆይቶ ሪሞቱ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ ባትሪው ለመመለሻ ብቻ እንደሚበቃና በ10 ሰከንድ ውስጥ መመለስ እንደሚጀምር የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ መጣ። ባለሙያው ዞር ብሎ አየኝ። «አንዴ ብቻ፣ ሰዎቹ የሚታዩባትን ድገማት» አልኩት። ማስጠንቀቂያውን ሰረዘው።

ሲያስመልሰው ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነበት። ድሮኑ ወደ እኛ ይመጣል፣ ግን አይደርስም። ክምሩ አናት ላይ ሲሆን ሪሞቱ ሌላ ዓይነት ድምፅ አሰማ፤ ድሮኑም ባለበት ቆመና ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ከታች ማዳበሪያና ጫፉ የታጠፈ ብረት የያዙ ሰዎች ሃይላንድና ቆርቆሮ ይለቅማሉ። ባለሙያው ደንግጦ ሪሞቱን እንደያዘ ቀረ። ድሮኑ ከዓይናችን ጠፋ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አንዲት እናት ከክምሩ ወርደው መጡ። ድሮኑን እንደ ታመመች ጫጩት በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ አንዱ ክንፉ ተሰብሯል።

«የማን ነው ይሄ? ልጄ ራስ ላይ ሊወርድ ነበር እኮ።»

«ይቅርታ እናቴ» አለ ባለሙያው። «እኛ አይደለንም ያወረድነው። ባትሪው ሲያልቅ ራሱ ነው የሚወርደው።»

ትንሽ አዩትና «ታዲያ ለሱ ልንገረው?» አሉ።

መልስ አልነበረንም። ይቅርታ ጠየቅን፤ ልጃቸው ደህና መሆኑን ሄደን አየን። ከዚያ ያነሳነውን እንዲያዩ ስልኩን ሰጠናቸው። ክምሩን ከላይ አይተውት አያውቁም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ቤቶቹ እዚህ ጋ ነበሩ» አሉን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ቀን ማለታቸው ነው። «እሱም ያኔ ራሱ ነው የወረደው» አሉና ማዳበሪያቸውን አንስተው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ከባለሙያው ጋር ተቀምጠን አፑ የመዘገበውን በረራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ስህተቶቹ የእኛ ነበሩ፤ ቤቱ ውስጥ ድሮን ያለው ወይም ሊገዛ ያሰበ ሁሉ ሊያውቃቸው ይገባል ብዬ አንድ በአንድ ልዘርዝራቸው።

መጀመሪያ፣ «ቤት» የሚባለው ምንድን ነው? ድሮኑ የእናንተን ቤት አያውቅም። ሲነሳ በጂፒኤስ የመዘገበውን ነጥብ ብቻ ነው የሚያውቀው። በቂ ሳተላይት ሳያገኝ ከተነሳ ነጥቡን የሚመዘግበው አየር ላይ እያለ፣ ሳተላይት ባገኘበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ የጎረቤት ጣሪያ ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ጂፒኤስ ከሌለ በብዙዎቹ ድሮኖች ላይ ራሱን ችሎ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አፑ የመመለሻ ነጥቡ መመዝገቡን እስኪያሳውቅ ድረስ አትቸኩሉ፤ ነጥቡ ካርታው ላይ እናንተ የቆማችሁበት መሆኑንም እዩ። ካስነሳችሁት በኋላ ቦታ ከቀየራችሁ ድሮኑ የሚመለሰው ወደ አሮጌው ቦታ ነው፤ ነጥቡን በአፑ ላይ ማደስ ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፣ የመመለሻ ከፍታ። እኛን የሸወደን አንዱ ይህ ነው። 30 ሜትር ብላችሁ ከሞላችሁ፣ 30 ሜትር የሚቆጠረው ከተነሳበት መሬት ነው፤ ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም። እኛ ያስነሳነው ከክምሩ ግርጌ ስለነበር፣ አናቱ ላይ ሲደርስ በሰዎቹ ራስና በድሮኑ መካከል የነበረው ክፍተት ካሰብነው በጣም ያነሰ ነበር። ከእንጦጦ ግርጌ ወይም ከየካ ዳገት ሥር የሚያስነሳ ሰውም ያው ነው የሚገጥመው። አካባቢያችሁ ላይ ረጅሙን ነገር ፈልጉ፤ ፎቅ፣ ባሕር ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ኮረብታ። ከእሱ በላይ ቢያንስ 10 ወይም 20 ሜትር ጨምራችሁ ሙሉ። ብዙዎቹ ትንንሽ ድሮኖች ወደ ታች እንጂ ወደ ፊት የሚያይ ሴንሰር እንደሌላቸው አትርሱ። ሲመለሱ ያለ ሽቦ አይታያቸውም።

ሦስተኛ፣ ማስጠንቀቂያዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው «ለመመለስ የሚበቃ ብቻ ቀርቷል» ይላል። ርቀቱን አስልቶ ነው የሚናገረው፤ ሊሰረዝም ይችላል። እኛ የሰረዝነው እሱን ነው። ሁለተኛው የሚመጣው ባትሪው ካለበት ከፍታ ወደ መሬት ለመውረድ ብቻ ሲበቃ ነው። ያን ጊዜ ድሮኑ ከሥሩ ውኃም ይሁን መንገድ ወይም ሰው፣ ባለበት ይወርዳል። ይህኛው አይሰረዝም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን በብዙዎቹ ድሮኖች ላይ እየወረደም እንኳ መምራት እንደሚቻል ነው። በተለመደው አደራደር የቀኙ ዱላ ወደ ጎንና ወደ ፊት ይወስደዋል፤ የግራውን ወደ ላይ ገፍታችሁ ከያዛችሁት አወራረዱ ይዘገያል። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ሰው ወደሌለበት ቦታ ማድረስ ይቻላል። የእኛ ሰው ይህን ያውቃል፤ ግን ሞክሮት ስለማያውቅ እጁ ደረቀ።

አራተኛ፣ ከተማችንና ነፋሳችን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ክንፎቹ በፍጥነት መሽከርከር አለባቸው፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ካርቶኑ ላይ 31 ደቂቃ ቢል፣ የተለካው ነፋስ በሌለበት፣ በአዲስ ባትሪና በለሰለሰ በረራ ነው። በዚያ ላይ የበጋው ከሰዓት ነፋስ አለ። ነፋስ ይዞት የሄደ ድሮን ሲመለስ ነፋስ ይገጥመዋል። ደንቡ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ነፋሱን እየተቃወማችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ያግዛችኋል። ሲመለስ ከተቸገረና ሥሩ ገላጣ ከሆነ ደግሞ ዝቅ አድርጉት፤ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይበረታል።

አምስተኛ፣ የባትሪው ዕድሜ። መሳቢያ ውስጥ ወራት የተኛ ባትሪ 100 በመቶ ብሎ ይነሳና አየር ላይ በድንገት ያሽቆለቁላል። ሳትጠቀሙበት የምትቆዩ ከሆነ ሙሉም ባዶም አታስቀምጡት፤ ግማሽ አካባቢ ይሁን። ያበጠ ባትሪ አይበርም፣ ቻርጅም አይደረግም፤ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ከልጆችና ከአልጋ አርቁት። አፑ የሴሎቹን ቮልቴጅ የሚያሳይ ከሆነ አንዱ ከሌላው ሲራራቅ ባትሪው እየደከመ ነው። የሪሞቱና የስልኩ ቻርጅም መሙላቱን እዩ። ሪሞቱ ቢጠፋ ድሮኑ ግንኙነት እንደተቋረጠ ቆጥሮ አስቀድማችሁ የመረጣችሁለትን ያደርጋል፤ መመለስ፣ ባለበት መቆም ወይም መውረድ። የትኛው እንደተመረጠ ሳታዩ አታስነሱት።

እነዚህን ሁሉ የሚያስተምር ልምምድ አለ፤ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ ባትሪው ሙሉ እያለ ድሮኑን ከ50 ሜትር በላይ አርቁትና የመመለሻውን ቁልፍ ተጫኑ። ወደየት ከፍታ እንደሚወጣ፣ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ፣ ከነጥቡ ምን ያህል ፈቀቅ ብሎ እንደሚያርፍ እዩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሰርዛችሁ በእጃችሁ አሳርፉት። የሠርጉ ቀን ወይም የልደቱ ቀን ይህን የምትማሩበት ቀን አይደለም። ከጠፋባችሁም አፑ ውስጥ የመጨረሻ ቦታውን በካርታ የሚያሳይ፣ አንዳንዶቹ ላይም እንዲጮህ የሚያደርግ ቁልፍ አለ፤ የት እንዳለ ቀድማችሁ እወቁት።

ከሁሉም በፊት ግን ፈቃድ። አገራችን ውስጥ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። አጎት ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ቦሌ ላይ ከሚወሰድበት፣ ከመግዛቱ በፊት ደውላችሁ ንገሩት። እስከዚያው ልጁ ሳሎን ውስጥ በኮምፒውተር ጨዋታ ዱላውን ይለማመድ።

እኛ ፊልሙን ጨርሰናል። ለሁለተኛው ቀረጻ ድሮኑን ያስነሳነው ሰው ከሌለበት ወገን ሲሆን አንድ ሰው ሰማዩን ሳይሆን መሬቱን ብቻ እንዲያይ መደብን። ማስጠንቀቂያው ከመምጣቱ በፊት፣ ባትሪው 40 በመቶ ሲደርስ እንመልሰዋለን ብለንም ተስማማን። ያቺ «አንዴ ብቻ» ብዬ ያስደገምኳት ምስል በመጨረሻ ፊልሙ ውስጥ አልገባችም፤ እኔው ነኝ ያስወጣኋት።

ልጃችሁ ድሮን ሲያበር አንድ ነገር ከወደቀ «ራሱ ነው የወረደው» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የእኚያን እናት ጥያቄ ጠይቁት። «ታዲያ ለሱ ልንገረው?» በሉት። በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።