የክለብ ብስለት በሚያስፈርመው ብቻ ሳይሆን በሚያሰናብተውም ይለካል

የሊጉ ውድድር ተጠናቆ ስታዲየሞች ጸጥ ሲሉ የእግር ኳስ ወሬ አብሮ ጸጥ አይልም። በጂዳ ሙቀቱ በሚበረታበት፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ክረምቱ በሚገባበት በዚያ ወቅት ደጋፊው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን መጣ?» ብሎ ነው። የአዲስ ኮከብ ስም ሲሰማ ደስታው ይደምቃል፤ ስም ካልተሰማ ክለቡ እንደ ተኛ ይቆጠራል። ሌላው ጥያቄ ግን ይዘነጋል፤ ማን ሄደ? ማንስ ቀረ? የሄደውስ እንዴት ተሸኘ? የጂዳና የመካ ሦስት ታላላቅ ክለቦች ያለፉባቸው ጥቂት ዓመታት ይህ የተዘነጋው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ የክለብን ዕጣ እንደሚወስን በግልጽ ያሳያሉ።

እ.ኤ.አ. በ1927 የተመሠረተው አል-ኢትሃድ በሳዑዲ ዓረቢያ ከሁሉ የቀደመ ክለብ በመሆኑ ደጋፊዎቹ «አል-ዐሚድ»፣ ማለትም የክለቦች አንጋፋ ይሉታል። አረንጓዴ ለባሹ አል-አህሊ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1937 በዚያችው በጂዳ ተመሠረተ። ከጂዳ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመካ የሚገኘው አል-ወህዳ ደግሞ የ1945 ምሥርት ነው። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ «ፈረሰኞቹ» እንደሚባል ሁሉ፣ አል-ወህዳም «ፉርሳን መካ»፣ የመካ ፈረሰኞች ተብሎ ይጠራል። በሁለቱ ከተሞች ለሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ እነዚህ ስሞች ከሥራ መልስ የሚነሡ የዕለት ጨዋታ ናቸው።

ከአል-ኢትሃድ እንጀምር። ክለቡ በ2022/23 የሊጉን ዋንጫ ያነሣው የዓለምን ታላላቅ ስሞች ሰብስቦ አልነበረም። በፖርቱጋላዊው አሰልጣኝ ኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የሚመራው ቡድን በ30 ጨዋታዎች የተቆጠሩበት ግቦች 13 ብቻ ነበሩ። ጥንካሬው በተግባባ የተከላካይ መስመርና እርስ በርስ በሚተዋወቅ ስብስብ ላይ የቆመ ነበር። በሰኔ 2023 የሀገሪቱ የመዋዕለ ንዋይ ፈንድ የአል-ኢትሃድን፣ የአል-አህሊን፣ የአል-ሂላልንና የአል-ናስርን 75 በመቶ ድርሻ ሲይዝ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ካሪም ቤንዜማ ከሪያል ማድሪድ፣ ንጎሎ ካንቴ ከቼልሲ በነፃ ዝውውር መጡ። ፋቢኞ ከሊቨርፑል፣ ጆታ ከሴልቲክ በገንዘብ ተገዙ።

ደጋፊው ዋንጫው ከወዲሁ የተያዘ መስሎት ነበር። ይሁን እንጂ ኑኖ በኅዳር ተሰናበቱ፤ ቡድኑም የ2023/24ን ውድድር በአምስተኛ ደረጃ ጨረሰ። በወቅቱ አንድ ክለብ ለሊጉ ማስመዝገብ የሚችለው ስምንት የውጭ ተጫዋቾችን ብቻ ስለ ነበር፣ ጆታ በመጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሊጉ ዝርዝር ውጭ ሆነ። በ2024 ክረምት ወደ ፈረንሳዩ ሬን አቀና። ብዙ ገንዘብ የተከፈለበት ወጣት ለመጫወት ያልታደለው ችሎታ አንሶት አልነበረም፤ ሲገዛ ቦታው ታስቦ ስላልነበረ እንጂ። ዋንጫ ያነሣን ቡድን በአንድ ክረምት ማፍረስና መሥራት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በቀጣዩ ዓመት ግን ክለቡ ከስሕተቱ ተማረ። ቤንዜማን፣ ካንቴንና ፋቢኞን ማዕከል አድርጎ አቆየ፤ ከዚያም ጉድለቱን እያየ ሞላ። ሙሳ ዲያቢና ስቲቨን ቤርግዋይን ለክንፍ፣ ሁሴም አዋር ለመሐል፣ ዳኒሎ ፔሬራ ለተከላካይ፣ ፕሬድራግ ራይኮቪች ለግብ ጠባቂነት መጡ። በሎራን ብላን የሚመራው ይህ ቡድን በግንቦት 2025 ሊጉንና የንጉሡን ዋንጫ በአንድነት አነሣ። የ37 ዓመቱ ቤንዜማ በሊጉ 21 ግቦችን አስቆጠረ። በአምስተኛው ደረጃና በሁለቱ ዋንጫዎች መካከል የነበረው ልዩነት የገንዘብ ብዛት አልነበረም። አንዱ ክረምት ስም የተሰበሰበበት፣ ሌላው ቡድን የተሠራበት መሆኑ ነው።

ስለ ነፃ ዝውውር የሚነገረውም ማብራሪያ ይሻል። አንድ ተጫዋች ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር በነፃነት መደራደር ይችላል። ውሉ ሲያበቃም የቀድሞ ክለቡ አንዳች ክፍያ ሳይጠይቅ ይሄዳል። ይህ መብት በአውሮፓ የጸናው በ1995 በቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ በተሰጠው ፍርድ ነው። ለተጫዋቹ ፍትሕ ነው፤ የሠራተኛ ውል ሲያልቅ ሰውዬው የማንም ንብረት ሊሆን አይገባውም። ለተቀባዩ ክለብ ግን «ነፃ» የሚለው ቃል ያታልላል። ለሻጭ ክለብ ያልተከፈለው ገንዘብ በፊርማ ክፍያና በደመወዝ መልክ ለተጫዋቹ ይከፈላልና። ለለቃቂው ክለብ ደግሞ ዓመታት የደከመበት ልጅ ባዶ እጁን ትቶት ሲሄድ ማየት ማለት ነው። ስለዚህ የውል ማደሻው ጊዜ ከመድረሱ አስቀድሞ መወሰን የክለብ አመራር የመጀመሪያ ተግባር ነው።

የአል-አህሊ ጉዞ ደግሞ ከውድቀት ስለ መነሣት ይናገራል። ክለቡ በሰኔ 2022 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። በዓመቱ አብዛኛውን ጉዞ በደቡብ አፍሪካዊው አሰልጣኝ ፒትሶ ሞሲማኔ እየተመራ የዚያን ሊግ ዋንጫ ወስዶ ተመለሰ። ቀጥሎም ሪያድ ማህሬዝ፣ ኤዱዋርድ ሜንዲ፣ ፍራንክ ኬሲዬ፣ ሜሪህ ዴሚራልና ሮቤርቶ ፊርሚኖ ተከታትለው ፈረሙ። የሊጉ ዋንጫ ሲርቅ ወጣቱ ጀርመናዊ አሰልጣኝ ማቲያስ ያይስለ ሊሰናበት ነው የሚል ወሬ በተደጋጋሚ ተነሣ። ክለቡ ግን አቆየው። ግንቦት 3 ቀን 2025 አል-አህሊ በጂዳው የንጉሥ አብዱላህ ስፖርት ከተማ የጃፓኑን ካዋሳኪ ፍሮንታሌን 2 ለ 0 አሸንፎ የእስያ ሻምፒዮን ሆነ። በሁለተኛው ሊግ ከተጫወተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

በዚያ ድል ውስጥ የፊርሚኖ ታሪክ ብቻውን ሊተረክ ይገባዋል። ብራዚላዊው በነሐሴ 2023 የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው ላይ ሦስት ግቦች አስቆጥሮ ነበር የጀመረው። በ2025 መጀመሪያ ግን ክለቡ ጋሌኖን ከፖርቶ ሲያመጣ የውጭ ተጫዋቾች ኮታ ሞላ፤ ፊርሚኖም ከሊጉ ዝርዝር ወጥቶ በእስያው ውድድር ዝርዝር ውስጥ ብቻ ቀረ። ብዙዎች ዘመኑ አበቃ አሉ። በፍጻሜው ጨዋታ ሁለቱንም ግቦች ያቀበለው እሱ ነበር፤ የመጀመሪያውን ያስቆጠረውም በሊጉ ዝርዝር ቦታውን የወሰደው ጋሌኖ ነው። ፊርሚኖ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ በዚያው ክረምትም ወደ ኳታሩ አል-ሳድ ተሸኘ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው፣ ተጫዋችን ከአንድ ዝርዝር ማውጣት ከቡድኑ ማውጣት እንዳልሆነ ነው። ቦታው ያነሰበት ሰው ክብሩ ካልተነካ በሚፈለግበት ቀን ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው፣ ድል ያመጣን ሰው በድሉ ማግስት መሸኘት ክህደት እንዳልሆነ ነው። ክለቡ ለነገው ቡድን ቦታ ከፈተ፤ ተጫዋቹም ከነክብሩ ሄደ። በነሐሴ 2025 አል-አህሊ በሆንግ ኮንግ አል-ናስርን በመለያ ምት አሸንፎ የሳዑዲ ሱፐር ካፕን ማንሣቱ ውሳኔው ቡድኑን እንዳላጎደለው ያሳያል።

መለያየት ሁልጊዜ እንዲህ አይሰምርም። የመካ ልጅ የሆነው መሐመድ ኑር በ2004 እና በ2005 አል-ኢትሃድ የእስያን ዋንጫ በተከታታይ ሲያነሣ የቡድኑ ምሰሶ ነበር። በ2013 ክለቡ ነባሮቹን በአንድ ጊዜ አሰናብቶ በወጣቶች ለመተካት ወሰነ። ወጣቶቹ በዚያው ዓመት የንጉሡን ዋንጫ በማንሣታቸው ውሳኔው ትክክል መሰለ። ኑር ግን ወደ ሪያዱ አል-ናስር ሄዶ በ2013/14 የሊጉን ዋንጫ አነሣ፤ አል-ኢትሃድ ሊጉን እንደገና ለማሸነፍ እስከ 2023 መጠበቅ ነበረበት። ወጣቶችን ማመን መልካም ነው። ወጣቶቹን የሚያስተምር አንድ ሁለት ነባር ማስቀረት ግን ከዚያ የሚቃረን አልነበረም።

አሁን ከሁሉ በላይ አሳሳቢው ጉዳይ የመካው አል-ወህዳ ነው። በ1957 የተጀመረውን የንጉሥ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ይኸው ክለብ ነው፤ በ1966ም ደግሞታል። በ2019/20 በሊጉ አራተኛ ሆኖ ለእስያ ውድድር ማጣሪያ በቃ፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ከሊጉ ወረደ። በ2022 ተመለሰ፤ በ2025 እንደገና ወረደ። የ2023ቱ የባለቤትነት ለውጥ ከደረሳቸው አራት ክለቦች አንዱ አልነበረምና ከጎረቤቶቹ ጋር በገንዘብ መፎካከር አይችልም። ናይጄሪያዊው ኦዲዮን ኢጋሎን የመሰለ ዝነኛ አጥቂ ቢኖረውም አንድ ስም ብቻውን ቡድን አልሆነለትም።

የወህዳ ሀብት ሌላ ነው። የ2014 የእስያ ኮከብ ተጫዋች ናስር አል-ሸምራኒ በዚህ ክለብ ካለፈ በኋላ ወደ አል-ሸባብ የሄደ ነው። የሳዑዲ ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረው ኡሳማ ሐውሳዊም በ2008 ከወህዳ ወደ አል-ሂላል ተሻግሯል። መካ ከመላው ዓለም የመጡ ሕዝቦች ልጆች በአንድ ሰፈር የሚያድጉባት ከተማ ናት፤ «ሐውሳዊ» የሚለው ስም ራሱ ከምዕራብ አፍሪካ በሐጅ መንገድ መጥተው የቀሩ ቤተሰቦችን ያስታውሳል። ሙስሊም ያልሆነ የውጭ ተጫዋች በሐረም ክልል ውስጥ ስለማይኖር ቤቱን ከክልሉ ውጭ ማድረግ አለበት። ለዚህ ክለብ እንግዲህ ከሰፈሩ ልጆች የሚቀርበው ማን ነው?

ከሊጉ የወረደ ክለብ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው ደመወዝ ለመቀነስ ሁሉንም ማሰናበት፣ ሁለተኛው ቶሎ ለመመለስ ውላቸውን የጨረሱ ስመ ጥር ተጫዋቾችን ለአንድ ዓመት መሰብሰብ ነው። ሁለቱም ቤቱን ባዶ ያደርጋሉ። «ጎበዙን ልጅ በታችኛው ሊግ አስሮ ማስቀረት አይቻልም» የሚል ክርክር ይነሣል፤ እውነትም አለው። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ የተሻለ ዕድል ያገኘን ወጣት መከልከልም ግፍ ነው። ጥያቄው ግን ይሂድ ወይስ ይቅር አይደለም፤ እንዴት ይሂድ ነው። ውሉ በጊዜ የታደሰለት ወጣት ሲሸጥ ክለቡ ገንዘብ ያገኛል፤ ወደፊት ዳግም ሲሸጥም ድርሻ እንዲኖረው በውሉ ማስፈር ይችላል። በፊፋ ደንብ መሠረትም ተጫዋቹ በውሉ መካከል ወደ ሌላ ሀገር ሲዛወር ከዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ውሉ አልቆ በነፃ ከሄደ ግን የሚከፋፈል የዝውውር ክፍያ የለም።

ይህ ትምህርት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ለኢትዮጵያ ክለቦችም ይደርሳል። በከተማ አስተዳደሮች በጀት የሚንቀሳቀሱ በርካታ ክለቦች በአንድ ክረምት ብዙ ተጫዋቾችን አሰናብተው ብዙዎችን ያስፈርማሉ፤ በዓመቱ ያንኑ ይደግማሉ። በአንጻሩ ኢትዮጵያ ቡና አቡበከር ናስርን ከወጣትነቱ ጀምሮ አሳደገ። አቡበከርም በ2020/21 በሊጉ 29 ግቦችን አስቆጠረ፤ በ2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። እንዲህ ያለው መንገድ ለክለቡም፣ ለተጫዋቹም፣ ለሀገሪቱ እግር ኳስም የሚበጅ ነው።

ውል ማክበር በእግር ኳስ ሜዳ ሲሆን ትርጉሙ አይለወጥም። ክለቡ የፈረመለትን ሊከፍል፣ ተጫዋቹ የፈረመበትን ሊሠራ፣ ሁለቱም ጊዜው ሲደርስ በመከባበር ሊለያዩ ይገባል። ደጋፊውም ድርሻ አለው። በየክረምቱ አዲስ ስም ብቻ የሚጠይቅ ደጋፊ አመራሩን ወደ ችኮላ ይገፋል። የዝውውሩ መስኮት በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት የመካው ደጋፊ ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው ኮከብ እንደሚመጣ ሳይሆን፣ ከክለቡ ታዳጊዎች መካከል ስንቱ ውሉ እንደታደሰለት ነው። ወህዳን ወደ ላይኛው ሊግ መልሶ እዚያው የሚያጸናው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።