የስፖርት መምህር ከመመረቁ በፊት ሕይወት ማዳን ይማር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ አንድ ሙያ ነው።

"ስፖርት ሳይንስ ደረሰኝ" የሚል ልጅ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው "ሌላ ነገር አልነበረም እንዴ?" የሚል ጥያቄ ነው። እኔ እንደ ሐኪም በዚህ አልስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። በዓለም ላይ ግን ከ10 ታዳጊዎች 8ቱ ይህን አያሟሉም። ነገ ከስኳርና ከደም ግፊት የሚጠብቃቸው ልማድ በአብዛኛው የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ሜዳ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሌሎቹ መምህራን ተማሪውን የሚያዩት ተቀምጦ ነው፤ ሲሮጥ የሚያየው የስፖርት መምህሩ ነው። ከጓደኞቹ ቀድሞ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚለው፣ ሲሮጥ ራሱን የሚስተው ልጅ እዚያ ይታያል። በአገራችን በወቅቱ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚያመጣው የልብ በሽታ ዛሬም ወጣቶችን እየጎዳ ነው። "አትስነፍ፣ ሩጥ!" የሚለውን መምህር "ይህን ልጅ ሐኪም ይየው" ከሚለው የሚለየው ሥልጠናው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ለስፖርት መምህራን በወረቀት ብቻ የሚፈተን ትምህርት መሆን የለበትም። በእጁ ሠርቶ ያላሳየ ሰልጣኝ ባይመረቅ እመርጣለሁ። ቢያንስ እነዚህን አራቱን፦

1. ተማሪ ወድቆ ካልነቃና በትክክል ካልተነፈሰ፦ አምቡላንስ አስጠርቶ ወዲያው የደረቱን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል መጫን።

2. የሚጥል በሽታ ሲነሳበት፦ ጭንቅላቱ እንዳይጎዳ መጠበቅ፣ በጎኑ ማስተኛት። ክብሪት ማሽተት የለም፣ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት።

3. አስም ሲነሳበት፦ ቀና አድርጎ ማስቀመጥና የራሱን ኢንሄለር እንዲወስድ መርዳት። ካልተሻለው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት።

4. እግሩ ወለም ሲለው፦ አለማሸት፣ አለመጎተት። ማሳረፍና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ መያዝ። መርገጥ ካቃተው ይታይ።

"ይህ የሐኪም ሥራ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን ልብ ሲቆም አንጎል የሚታገሰው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ሜዳው ላይ ያለው እኔ ሳልሆን መምህሩ ነው።

በሥልጠና ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የምትማሩበት ተቋም በተግባር እንዲያለማምዳችሁ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ አስም፣ የልብ ችግር ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት ነገ ሄዳችሁ ለስፖርት መምህሩ ንገሩት። መደበቅ ልጁን አይጠብቀውም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለምታውቁት የስፖርት መምህርም ሼር አድርጉለት። ጤናችሁ ይብዛ!