ጥማድ ስንት ነው?

አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ እናንሳ። በዚህ ግቢ ውስጥ ከየአካባቢው የተሰባሰብን ሠልጣኞች «አንድ ጥማድ መሬት ስንት ነው?» ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን አንድ ይሆናል? አንዱ «ሩብ ሄክታር ነዋ!» ይላል። ሁለተኛው «ጥንድ በሬ ጠምዶ አንድ ገበሬ አርሶ የሚውለው ነው» ይለናል። ሦስተኛው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «እሱማ እንደ መሬቱና እንደ በሬው ነው» ብሎ ይመልሳል። ከጎጃም የመጣው ደግሞ «እኛ ዘንድ ቃዳ ነው የሚባለው» ብሎ ሌላ ቃል ይጨምርበታል። የሚገርመው ግን አንዳቸውም አልዋሹም። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሁሉም እውነት ተናግረው ሳይግባቡ ቀሩ።

«ታዲያ ይሄ የቀያሽ ጉዳይ እንጂ የመምህር ጉዳይ ነው እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። የዛሬው ጽሑፋችን ለዚህ ወዳጃችን መልስ ለመስጠት የታሰበ ነው። በእኛ አስተያየት የመሬት መለኪያና የመሬት ቃላት አንድ ወጥ ትርጉም እስካልተሰጣቸው ድረስ የመጣው መሣሪያ ቢመጣ፣ ጂፒኤስም ሆነ ኮምፒዩተር፣ ከክርክር አያድነንም። ትርጉሙን ደግሞ ከቢሮ አውጥቶ ወደ ሕዝቡ የሚያደርሰው መምህሩ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመነሻው እንጀምር። ጥማድ የድካም መለኪያ ነው። አባቶቻችን መሬቱን የለኩት በስፋቱ ሳይሆን በሚጠይቀው ጉልበት ነበር። ድንጋያማው ዳገት ላይ ጥንድ በሬ ሲውል የሚያርሰው ትንሽ ነው፤ ለስላሳው ሜዳ ላይ ብዙ ነው። ለገበሬው ይህ አሠራር ስሕተት አልነበረም። ስንት ቀን እንደሚያርስና ስንት ዘር እንደሚይዝ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላስፈለገውም።

ጋሻ ደግሞ የግብር መለኪያ ነው። በምኒልክ ዘመን በማዕከልና በደቡብ ብዙ መሬት ቃላድ ተጣለበት። ቃላድ 66 ሜትር ገደማ የሚገመት የመለኪያ ገመድ ነበር። ሆኖም ጋሻው በየቦታው አንድ ዓይነት አልነበረም። መሬቱ ለም ሲሆን ጋሻው ጠበብ፣ ጠፍ ሲሆን ሰፋ ይደረግ ነበር። ምክንያቱም መንግሥት ማወቅ የፈለገው የመሬቱን ስፋት ሳይሆን ሊያስገባ የሚችለውን ግብር ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅም መሬትን «ለም»፣ «ለም ጠፍ» እና «ጠፍ» ብሎ በሦስት ከፍሎታል። ጋሻ 40 ሄክታር ነው ተብሎ በአንድ ቁጥር መታሰቡ ኋላ የመጣ ነገር ነው።

ሄክታር ግን የስፋት መለኪያ ብቻ ነው። 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ለም ሆነ ጠፍ፣ ዳገት ሆነ ሜዳ አይለወጥም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ጥማድ የድካም፣ ጋሻ የግብር፣ ሄክታር የስፋት መለኪያ ነው። እነዚህን ሦስቱን በአንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ መደመር በግን፣ ኩንታልንና ብርን ደምሮ «ጠቅላላ ድምር» እንደማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ ሲታወጅ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይይዝ ተወሰነ። በጋሻ ሲታሰብ ሩብ ጋሻ መሆኑ ነው። አዋጁን በየገጠሩ ለማስረዳትና ለማስፈጸም ከዘመቱት መካከል ተማሪዎችና መምህራን ነበሩበት። ሄክታርን አይቶ ለማያውቅ ገበሬ 10 ሄክታርን ማስረዳት ነበረባቸው። የቀያሽና የመምህር ሥራ ይገናኛል የምንለው ስለዚህ ነው፤ ዛሬ የፈጠርነው ነገር አይደለም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ተጀመረ። በአማራ ክልል የሚሰጠውን አረንጓዴ ደብተር የብዙዎቻችን ወላጆች ሳጥን ውስጥ እናገኘዋለን። ያ የመጀመሪያው ምዝገባ በብዙ ቦታ የተሠራው በገመድ፣ በእርምጃና በዓይን ግምት ነው። ወሰኑም በአዋሳኝ ተጻፈ፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ እየተባለ። በትንሽ ወጪ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ ገበሬ ወረቀት እንዲይዝ ያደረገ አሠራር ስለሆነ ልናቃልለው አይገባም። ነገር ግን አዋሳኙ ሲሞት፣ መሬቱን ለልጁ ሲያወርስ ወይም ወንዙ ሲዞር መዝገቡ አብሮ ያረጃል።

ስለዚህ ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ መጣ። በአየር ፎቶግራፍና በጂፒኤስ እየታገዘ እያንዳንዱ ማሳ ካርታና መለያ ቁጥር ያገኛል። እሰየው! ግን አንድ ነገር እንመልከት። ደብተሩ ላይ ሩብ ሄክታር ተብሎ የተጻፈለት ገበሬ አዲሱ ካርታ ላይ አንሶ ሲያገኘው ምን ይላል? «መሬቴ ተቆረሰ!» ይላል። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚባልበት አገር ነው፤ ነገሩ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

እስቲ እናስላው። ዳገት ላይ ያለች፣ ጎኖቿ 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነች ማሳ አለች እንበል። በገመድ ተለክታ 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ተብላ ተመዘገበች። የካርታ ስፋት ግን የሚሰላው በዳገቱ ላይ በተዘረጋው ገመድ ሳይሆን በአግድም ርቀት ነው። ዳገቱ 30 ዲግሪ ቢሆን ሽቅብ የተዘረጋው 50 ሜትር በአግድም 43 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን በ50 ስናባዛ 2,165 ካሬ ሜትር እናገኛለን። የጎደለው 335 ካሬ ሜትር ነው፤ ከመቶ 13 እጅ ማለት ነው። ከመሬቷ አንዲት ስንዝር አልተቆረሰችም። የተለወጠው «ስፋት» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። ይህን ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ ያስረዳ ሰው አንድ የድንበር ጠብ አስቀረ ማለት ነው። ለማስረዳት የሚያስፈልገውም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ይሄ ደግሞ ለምን ይጠቅማል?» እያልን የምናጉረመርምበት ኮሳይን ነው!

ከመለኪያው ሌላ የመብቱ ስምም ችግር አለበት። ቀድሞ በአንድ መሬት ላይ ሁለት ዓይነት መብት ተደራርቦ ይገኝ ነበር። አንዱ በዘር ሐረግ ቆጥሮ የሚያርሰው ርስት ነው፤ ሌላው ከዚያው መሬት ግብር የመሰብሰብ ጉልት ነው። ሁለቱንም በደፈናው «ባለመሬት» ብሎ የጻፈ ሰው ማን የማን እንደነበረ አደባልቆ አለፈ። ዛሬ ደግሞ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ባለይዞታ ነው። እንዲያም ሆኖ በየቅጹ አንዴ «ባለቤት»፣ አንዴ «ባለይዞታ»፣ አንዴ «ተጠቃሚ» እየተባለ ሲጻፍ ማየት ብርቅ አይደለም። የተከራየም ተጠቃሚ ነው፤ በእኩል የሚያርስም ተጠቃሚ ነው። ታዲያ ቅጹ የሚጠይቀው የትኛውን ነው?

«ማሳ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። አንድ ገበሬ በሦስት ቦታ መሬት ቢኖረው፣ አንደኛውንም ከፍሎ ግማሹን ጤፍ፣ ግማሹን ሽንብራ ቢዘራበት ስንት ማሳ አለው? የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ሊል ይችላል፤ የሰብል ቆጣሪው አራት ሊል ይችላል፤ ገበሬው ራሱ «ይዞታዬ አንድ ነው» ሊል ይችላል። ሁሉም ልክ ናቸው። ሦስቱ ቁጥሮች ወደ ወረዳ ሲሄዱ ግን ማን ያስታርቃቸዋል?

ቁጥር ብቻውንስ ከቃል ይሻላል? አይሻልም። የቀድሞ ካርታዎቻችን የተመሠረቱት አዲንዳን በተባለው የቅየሳ መነሻ ላይ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ የሚሠራው በሌላ ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። አንዱን ቦታ በሁለቱ ብንጽፈው ቁጥሮቹ 200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። በዚያ ላይ አገራችን ዩቲኤም በሚባለው የካርታ አከፋፈል በ36፣ በ37 እና በ38 ቀጠናዎች ላይ ትዘረጋለች፤ አንድ ዓይነት ቁጥር በሦስቱም ቀጠና ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መነሻውና ቀጠናው ያልተጻፈበት የቦታ ቁጥር አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ነው።

የሰው ስምስ? «ፀሐይ» የሚለውን ስም በሁለቱ «ጸ» እና በሦስቱ «ሀ» ብቻ ስድስት ዓይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል። እኛ ስናነበው አንድ ሴት ናት፤ ለኮምፒዩተር ግን ስድስት ሴቶች ናቸው። አንዲት ሴት ይዞታዋን ፍለጋ ሄዳ «ስምሽ የለም» ብትባል ጥፋቱ የማን ነው? ዘመን አቆጣጠሩም አለ። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ ምልክት ከቀረች ሰነዱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል፤ አለዚያም ያን ያህል ወጣት ይሆናል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ወጥ ደረጃ ማውጣት ነው። ይህን ሥራ ዓለምም ተያይዞታል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 አይኤስኦ 19152 የተባለውን የመሬት አስተዳደር መረጃ ደረጃ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮም አሻሽሎ በክፍል በክፍል እያወጣው ነው። ሐሳቡ ረቂቅ አይደለም፤ ወደ አራት ጥያቄ ይጠቃለላል። ባለመብቱ ማን ነው? ምን መብት፣ ምን ክልከላና ምን ኃላፊነት አለበት? ቦታው የትኛው ነው? ማስረጃውስ ምንድን ነው? ደረጃው ለየአገሩ «መብታችሁ ይህን መምሰል አለበት» አይልም። መብቱን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስናል። ደረጃው የሚለው «የምታወሩት ስለ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ» ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይሰማናል። የመጀመሪያው «ጥማድን፣ ቃዳንና ጋሻን ጥለን በሄክታር ብቻ እንናገር» የሚል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ቃሉ በአዋጅ አይሞትም። ቢሮው ሄክታር ቢልም ገበሬው ጥማድ ማለቱን አይተውም፤ በመካከላቸውም አስተርጓሚ ነን ባዮች ይበለጽጋሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ «ሁሉም እንደ ለመደው ይናገር፤ ምን ቸገረን» የሚል ነው። የሚቸግረውማ ካሣ ሲከፈል፣ ውርስ ሲካፈልና ፍርድ ቤት ሲቀረብ ነው። በእኛ አስተያየት መንገዱ መካከለኛው ነው፤ ትርጉሙ አንድ ይሁን፣ ስሙ ብዙ ይሁን። መዝገቡ ላይ ስፋቱ በካሬ ሜትር ይጻፍ፤ በአጠገቡ የአካባቢው ቃል ከነልኩ ይቀመጥ። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን በአማርኛ ለማውጣት የደከመው ያለ ነገር አልነበረም። ለመሬትም እንዲህ ያለ ድካም ያስፈልገዋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456ን አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተክቶታል። ሕጉ በታደሰበት ጊዜ ቃላቱንም አብሮ ማጥራት ተገቢ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ የአካባቢውን የመሬት ቃላትና መለኪያዎች ከአዛውንቶች ጠይቆ ይጻፍ፤ ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ የሚነገርበትን ቦታ። ስንመለስ በአንድ ደብተር እናሰባስበው። ሁለተኛ፣ የሒሳብ መምህሮቻችን የስፋት ትምህርትን ከሰሌዳ አውርደው ወደ ሜዳ ያውጡልን። 50 ሜትር ገመድና አራት ችካል ካለን ሩብ ሄክታርን በእግራችን ዞረን እናየዋለን፤ ዳገቱንም ለክተን ልዩነቱን እናሰላዋለን። ሦስተኛ፣ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን ደብተሩንና ካርታውን አብረን ማንበብ እንልመድ። ብዙ ወላጅ ያለው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ የሚለውን የሚነግረው ሰው ግን የለውም።

ድንበር የሚጠበቀው በድንጋይና በግንድ ብቻ አይደለም። ድንጋዩን ሌሊት የሚያነሣው አለ። ሁለት ጎረቤታሞች «ጥማድ» ሲሉ አንድ ነገር ካሰቡ ግን ድንጋዩ ቢነሣ እንኳ የት እንደነበረ ይስማማሉ። እንግዲህ አስተያየታችን ይኸው ነው። የሚቃወመን ካለ ይጻፍ፤ ሰሌዳው ላይ ቦታ አለ። የአካባቢውን ቃል ይዞ የሚመጣ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይስተናገዳል።