መጀመሪያ የሚያወርደውን ግዙ

ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ገዝቶ ከዳባት ሊያሳየኝ መጣ። ከጓደኞቹ ጋር ሰሜን ተራሮች እየወጣ ድንኳን ጥሎ ሊያድር አስቧል። የሚገዛውንም በወረቀት ጽፎ ይዟል፦ የጣሪያ መብራት፣ ዊንች፣ ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ ትልልቅ ጎማ። «እትዬ፣ ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም፤ ከየቱ ልጀምር?» አለኝ።

መቼም ነርስን ስለ መኪና መጠየቅ ያስቃል። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ ብዙ ሕመምተኛ እኛ ዘንድ የደረሰው በቃሬዛ፣ በጭነት መኪናና በፒካፕ ነው። ተራራ ላይ ያለ ፒካፕ ሳይታሰብ አምቡላንስ ይሆናል። ስለዚህ «ወደ ላይ የሚያወጣህን ተወው፤ በሌሊት ታማሚ ይዞ የሚያወርድህን አስቀድም» አልኩት።

ደባርቅ ራሷ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሳንቃበር 3,200ን፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600ን ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሲሶ ያህል ያንሳል። ራስ ምታት ከማስታወክ ጋር፣ ቁጭ ብሎ ማለክለክ፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ ከታየ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ቶሎ መውረድ። «እስኪነጋ እንጠብቅ» ማለት ሕይወት ያስከፍላል። ከቆላ የመጣ ሰው ካለ ደግሞ አንድ ሌሊት ደባርቅ ቢያድር ይሻለዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ብር ጎማ ላይ ይዋል። ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን፣ ጎኑ ጠንካራ፣ ጥርሱ ያልተበላ ይሁን፤ ለመኪናው ከተፈቀደው መጠን አይለፍ። ከመጠን ያለፈ ጎማ መሪውንም ፍሬኑንም ያከብዳል። ስኮርታው የሌሎቹ እኩያ ይሁን። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና ትንሽ የአየር መንፊያ አብረው ይግቡ፤ ጨነቅ ላይ ጎሚስታ አይገኝም።

ሁለተኛው ፍሬን፣ ባሌስትራና ሾክ አብዞርበር ነው። አዲስ ዕቃ ከመጨመራችሁ በፊት ያለውን አስፈትሹ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ ተማምኖ መውረድ ፍሬኑን ያግላል፤ ከባድ ማርሽ አስገብታችሁ በዝግታ ውረዱ። ከደባርቅ በስተሰሜን ሊማሊሞን የወረደ ሰው ይህን ነጋሪ አያሻውም።

ሦስተኛው ጭነት ማሰሪያ ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ፖርቶ መጋላ ላይ ሁለት ሦስቱን ከድንኳን ጋር ስትጭኑ መኪናው ከላይ ይከብዳል፤ ጎድበጥ ያለ መታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ከባዱን ካሶኒው ወለል ላይ፣ ወደ ጋቢናው አስጠግታችሁ እሰሩ። ሰው ግን ካሶኒ ላይ አይጫን! የኋላ ወንበር ቀበቶዎች መሥራታቸውንም አረጋግጡ። ያ ወንበር በዕቃ ካልታጨቀ አንድ ታማሚ ጋደም ይልበታል።

አራተኛው ጠንካራ የመጎተቻ ገመድና በቦልት ከሻንሲው ጋር የታሰረ መንጠቆ ነው። ገመድ ሲወጠር ሁሉም ራቅ ብሎ ይቁም፤ የተበጠሰ ገመድ እንደ ጅራፍ ይመታል።

መብራቱስ? ሰሜን ተራሮች ላይ ጉም ይወርዳል። የጣሪያ መብራት ጉሙ ላይ አርፎ መልሶ ዓይናችሁን ይወጋል፤ ዝቅ ብሎ የተገጠመ የጉም መብራት ይበልጣል። ዊንቹና የጣሪያ ድንኳኑ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆዩ። ተራ ድንኳንና ወፍራም ብርድ ልብስ ለጊዜው ይበቃል።

ስለ ብርድ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የከሰል ምድጃ ድንኳን ወይም ሸራ የለበሰ ካሶኒ ውስጥ አታስገቡ። ሞተር አስነስታችሁም ተዘግታችሁ አትተኙ። የሚወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያለውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። የከፍታው አየር ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል።

የማያስወጡም ማሻሻያዎች አሉ። ነዳጁን ደባርቅ ላይ ሙሉ። ማታ ስታቆሙ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሩ፤ በጨለማ መኪና ማዞር ጭንቅ ነው። ቁልፉ የት እንዳለ ሁሉም ይወቅ፤ ከአንድ በላይ መንዳት የሚችል ሰውም ይኑር። ፋሻ፣ ጓንት፣ የሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ባትሪ በአንድ ሣጥን ከወንበር ሥር ይቀመጡ። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትመዘገቡና ስካውት ስትይዙ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ በክረምት ደግሞ ጉዞውን ለመስከረም ማለፍ ተዉት።

የወንድሜ ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው እንደገና ጻፈ። ዊንቹ ከሁሉም በታች ሰፈረ። እናንተም ዝርዝር ካላችሁ በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት አንድ ጥያቄ አስቀምጡ፦ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ልጄ ቢታመም ይህ ዕቃ ደባርቅ ሆስፒታል ለመድረስ ይረዳኛል? «አዎ» ያላችሁት ይቅደም።

የሳምንት ሰው ይበለን።