ትንሿን ሞተር አንናቃት

የሰፈራችን ነዋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣው መንገድ ዳገት ነው። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር የቆመ ሰው ዳገቱን ማን እንደሚወጣው ያያል። ቀለሟ የለቀቀ፣ መቀመጫዋ በላስቲክ የታሰረ አንዲት ሞተር ሁለት ዘለላ ሙዝና አንድ ሰው ጭና እያጉረመረመች ትወጣለች። ማታም ያችው ሞተር የታመመ ሰው ይዛ ስትሮጥ እናገኛታለን። የስንት ዓመት ሞተር ናት ቢባል ባለቤቱም በትክክል አያውቅም፤ ሊብሬው ላይ ካልታየ በስተቀር፣ ከሦስት ሰው በኋላ ነው የገዛት።

ይህን የምንጽፈው ሞተር ለማወደስ ብቻ አይደለም። ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ከተቀማጩ ላይ ለአባላት ልጆች የሞተር መግዣ ብድር ይሰጥ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ መተላለፉ ይታወሳል። እኛም የሥራ አመራር ኮሚቴ አባሎች ሐሳቡን እንደግፋለን። ነገር ግን ገንዘቡ የድንኳንና የቀብር ገንዘብ ነው፤ መበለቶችና ጡረተኞች ከአፋቸው ቀንሰው ያጠራቀሙት ነው። ስለዚህ ለየትኛው ሞተር ይሰጥ የሚለውን ሳንነጋገርበት ማለፍ የለብንም።

አንዳንድ ወጣቶቻችን ትልቁንና ያጌጠውን ይፈልጋሉ። አይፈረድባቸውም፤ ወጣትነት ነው። ይሁን እንጂ ለእንጀራ የሚሆነው የትኛው ነው ብለን እንጠይቅ። እዚህ የምናያቸው ቦክሰርና መሰሎቿ፣ የግብርናና የጤና ሠራተኞች ገጠር የሚወጡባቸውም ያማሃዎች፣ አንድ ሲሊንደር ያላቸው፣ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዙ ናቸው። ራዲያተር የለም፤ ስለዚህ ውኃ አለቀ የሚባል ነገር የለም። ባትሪ ቢደክም በእግር ተረግጣ ትነሣለች። ካንዴላው ሲጠቁር ወልቆ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፤ ካቴናው ሲላላ በመፍቻ ይወጠራል። ወደ ጨንቻ የሚመላለሱ ልጆች ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ሲቀላ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጨንቻ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ላይ ስትደርስ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ጉልበቷም ይቀንሳል። በካርቡራተር የምትሠራዋን መካኒኩ ራሱ ያስተካክላታል። ቤንዚኑን በኮምፒዩተር የሚመጥኑት አዲሶቹ ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፣ ነዳጅም ይቆጥባሉ፤ እውነት ነው። የተበላሹ ዕለት ግን መመርመሪያ መሣሪያውና ዕቃው አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሞተሯ ቆማ በዋለች ቁጥር የብድሩ ቀን አይቆምም።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በጃፓን አገር ሆንዳ የተባለው ፋብሪካ በ1950 ዓ.ም ሱፐር ከብ የተባለች 50 ሲሲ ሞተር አወጣ። የፋብሪካው ሸሪክ ታኬኦ ፉጂሳዋ፣ ምግብ የሚያመላልስ ልጅ በአንድ እጁ ሣህን ይዞ በአንድ እጁ የሚነዳት ትሁን ብሎ ስለ ነበር ፍሪሲዮን በእጅ የማትፈልግ ሆና ተሠራች። ያችው ሞተር ጥቂት ጥቂት እየተሻሻለች በ2010 ዓ.ም 100 ሚሊዮን ሞላች። ከዚህ በላይ የተመረተ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የለም። ታዲያ ለሣህን አመላላሽ ታስባ የተሠራች እንጂ ለውድድር የተሠራች አይደለችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። የሞተር ዕድሜ ከብረቱ ብቻ አይመጣም። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ቃል፣ ካንዴላና ማርሚታ፣ ካላማዳሪያና ፍሪሲዮን እያሉ የሕንድና የጃፓን ሞተር የሚፈቱት፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሳይሆን ከታላላቆቻቸው እጅ የተማሩ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። የተሰበረውን በይደው፣ የአንዷን ለሌላዋ ገጥመው ያኖሯታል። የእኛ አስተያየት ከብድሩ ከፊሉ ለነዚህ ልጆች የመፍቻና የዕቃ መግዣ ይሁን ነው። ከአንድ አዲስ ሞተር ይልቅ አንድ የተሟላ የመፍቻ ሣጥን ለብዙ ቤት እንጀራ ያቆያል።

ደግሞም አትሞትም ማለት አትበላም ማለት አይደለም። የትንሿ ሞተር ዘይት አንድ ሊትር አካባቢ ናት፤ በአራት ምት ሞተሮች ያችው ዘይት ማርሹንም ፍሪሲዮኑንም ታጠባለች። የዘይት ዋጋ ቆጥበው ሞተር የሚያወርዱ አሉ። ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውም ቤንዚን ምን እንደ ተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ከዚያም በላይ ምድጃ ባለበት ቤት ጀሪካን ማስቀመጥ ሰፈር ማቃጠል ነው። እናቶች ይህን አትፍቀዱላቸው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ቁልቁለቱ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ከሴቻ በፎሌ ይወረዳል፤ ያውም ሦስት ሰው ተጭኖ። በማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ በፎሌ ሲሆን ግን ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው ከመዳፍ በማትሰፋ የፍሬን ሸራ ላይ ነው። እርሷ ስትግል አትይዝም። ገንዘቡ የቀብር ነው ያልነው በዚህም ምክንያት ነው፤ ለሞተር አበድረነው ለዚያው ልጅ ድንኳን እንዳንተክልበት።

በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር እንዳይሄድ ሲከለከል፣ የተነሣው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ቅሚያና ወንጀል ነበር። ጥፋቱ የጥቂቶች ሲሆን እንጀራው የቀረው የብዙዎች ነው። እዚህም ያለ ታርጋና ያለ መንጃ ፈቃድ የሚከንፉትን ወላጆች በጊዜ እንገሥጽ።

እንግዲህ ኮሚቴው ለስብሰባው የሚያቀርበው ይህ ነው። ብድሩ መለዋወጫዋ እዚሁ ሲቀላ ለምትገኝ ትንሽ ሞተር ብቻ ይሁን፤ አሮጌ ከሆነች ከመግዛት በፊት ሁለት መካኒክ አይቶ ይፈርምባት፤ ተበዳሪው መንጃ ፈቃድ ያሳይ፤ ሁለት ሄልሜት፣ አንዱ ለነጂው አንዱ ለተሳፋሪው፣ ከዋጋው ጋር ይታሰብ። ትልቁን የሚፈልግ በዕቁቡ ይግዛ፣ አንከለክልም። ሐሳባችንን የሚቃወም ካለ በስብሰባው ቆሞ ይናገር፤ በዱቡሻ ወግ ሽማግሌውም ወጣቱም ይደመጣል። መካኒኮቻችን የማኅበሩ አባል ባይሆኑም ተጋብዘዋል። የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ ዝርዝር ከነዋጋው ጽፈው ከስብሰባው በፊት ለጸሐፊው ይስጡ።