ፈታኙ የጠየቀው ስለ እግርህ ነው

«ብዙ በእግርህ ትሄዳለህ?»

ጥያቄው ይኸው ነው። አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የንግግር ክፍል ላይ ከሚመጡት ቀላል ጥያቄዎች አንዱ ነው። ተከታዮቹም ከዚህ አይከብዱም። ልጅ ሳለህ በእግርህ ትሄድ ነበር? ሰዎች መናፈሻ ውስጥ መንሸራሸር ለምን ይወዳሉ? ረጅም የእግር መንገድ ብትሄድ የት መሄድ ትፈልጋለህ?

አሁን ደግሞ መልሱን ስሙ። እዚህ ድሬዳዋ ለፈተናው የሚዘጋጁ ልጆች ሲለማመዱ ቁጭ ብዬ አዳምጫለሁ። አንዱ ተነሳና በጥሩ እንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦ «በየማታው ውሻዬን ይዤ ቤቴ አጠገብ ባለው መናፈሻ እንሸራሸራለሁ። ንጹህ አየር መንፈሴን ያድሰዋል፣ ከሥራ ጫናም ያላቅቀኛል።» ልጁ ገንደ ቆሬ ተወልዶ ያደገ ነው። ውሻ የለውም። ሥራም ገና አልያዘም። ቤቱ አጠገብ ያለው ጋራዥ ነው። ከሱ ቀጥላ የተነሳችው ልጅም ውሻ አላት። ሦስተኛውም አለው። ከአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስድስት ውሻ ቆጥሬ ወጣሁ።

ሳቄን ጨርሼ ሳስበው ግን ነገሩ አላስቀኝም። እነዚህ ልጆች ለዚህ ፈተና የሚከፍሉት ብር ለጀማሪ መምህር ከአንድ ወር ደሞዝ በላይ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ፣ ማደር፣ መብላት አለ። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ነርሷ የውጭ ሥራዋን፣ ተመራቂው የነፃ ትምህርት ዕድሉን የሚያጡት አንዳንዴ በግማሽ ነጥብ ነው። ያቺ ግማሽ ነጥብ በሌለ ውሻ እንዳትጠፋ ነው ይህን የምጽፈው።

ፈተናውን ለማታውቁት ላስረዳ። የንግግር ክፍሉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል። ከአንድ ፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ትቀመጣለህ፣ ንግግሩ ይቀረጻል። መጀመሪያ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ስለ ራስህ ትጠየቃለህ፤ ስለ ሰፈርህ፣ ስለ ትምህርትህ ወይም ሥራህ፣ እንደ እግር መንገድ ስላሉ የዕለት ተዕለት ነገሮች። ቀጥሎ አንድ ርዕስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጥሃል። አንድ ደቂቃ አስበህ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻህን ታወራለህ። በመጨረሻ ከዚያው ርዕስ ተነስቶ ጠለቅ ያለ ውይይት አለ። ነጥቡ ከ0 እስከ 9 ሲሆን የሚሰጠውም በአራት ነገር ነው፦ ሳይደናቀፉና ሳይዘባርቁ መናገር፣ የቃላት ሀብት፣ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት፣ የድምፅ አወጣጥ። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው።

ከአራቱ ውስጥ «መናፈሻ መውደድ» የሚል የለም። «ውሻ ማሳደግ» የሚልም የለም። «አይ፣ ብዙ አልሄድም፣ ሙቀቱ አያስኬድም» ያለ ሰው «አዎ፣ በየማታው እንሸራሸራለሁ» ካለው በአንድ ነጥብ አያንስም። እንዲያውም በይፋ የወጣውን የመመዘኛ ሰንጠረዥ ያየ ሰው የተሸመደደ ዓረፍተ ነገር ላይ መንጠልጠል የዝቅተኛዎቹ እርከኖች መለያ ሆኖ ተጽፎ ያገኘዋል። ፈታኙ ያን ንግግር ከስንት ሰው አፍ እንደሰማው አስቡት። «ለምን?» ብሎ አንዲት ቃል ሲጨምር የተሸመደደው ነገር እዚያው ያልቃል። ልጁ ከውሻው በኋላ ምን እንደሚል ማንም አላስጠናውም።

ለምን ይህ ሆነ ካልን የጥያቄዎቹ ገበያ አለ። ፈተናውን ወስዶ የወጣ ሁሉ የተጠየቀውን ያወራል፣ ወሬው ተሰብስቦ ፒዲኤፍ ይሆናል፣ በቴሌግራም ይዞራል። ከፒዲኤፉ ጋር መልሱም ይመጣል። መልሱን የጻፈው ሰው የት አገር ይኑር አይታወቅም፤ መናፈሻና ውሻ ያለበት አገር መሆኑ ግን አያጠራጥርም። አስጠኚውም ያንኑ ያሸመድዳል። አስጠኚዎቹን ሁሉ አልወቅስም። «ልጆቹ ምንም የሚናገሩት የላቸውም፣ ቢያንስ ይህን ይዘው ይግቡ» ያለኝ አስጠኚ ከልቡ ነው። የማልስማማው «የሚናገሩት የላቸውም» በምትለዋ ላይ ነው።

የድሬ ልጅ ስለ እግር መንገድ የሚናገረው የለውም? አቦ ተው!

ከሰዓቱ እንጀምር። እዚህ ከተማ መቼ በእግር እንደሚኬድ የሚወስነው ፀሐይ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ሰው ወይ ችግር አለበት ወይ እንግዳ ነው። ሱቁ ገርበብ ይላል፣ ሰው ሽርጡን ታጥቆ ጥላ ይይዛል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። 11 ሰዓት ሲል ከተማው እንደገና ይወለዳል። ይህን በእንግሊዝኛ ማለት ምን ይከብዳል? «የምኖረው ሞቃት ከተማ ውስጥ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ማንም በእግሩ አይሄድም፤ ፀሐይዋ እስክትበርድ እንጠብቃለን።» ምክንያትና ውጤት፣ «እስክ» የሚል ማያያዣ፣ በቂ ቃላት። ከውሻው ይበልጣል።

ከዚራን እንውሰድ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ የደረሰውና ከተማይቱም የተቆረቆረችው ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ነው። ፈረንሳዮቹ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ቀየሱ፣ ዛፍም ተተከለበት። አገሩ ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለውን ያን ቀይ አበባ ያለውን ዛፍ ማለቴ ነው። ከዚራ ውስጥ ሰው መንገዱን የሚመርጠው በአጭርነቱ ሳይሆን በጥላው ነው። ፈታኙ «ሰዎች ለምን መናፈሻ ውስጥ መሄድ ይወዳሉ?» ሲል የሚጠይቀው እኮ ይህንኑ ነው። መናፈሻ ባይኖረኝ ጥላ አለኝ ብሎ መመለስ ይቻላል።

ከከዚራ ተሻግሮ መጋላ ሲገባ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ቀጥ ብሎ መሄድ የለም። ሳምቡሳ የምትጠብሰዋን፣ ልባሽ ጨርቅ የዘረጋውን፣ ባጃጁን እየጠመዘዙ ነው የሚኬደው።

በሁለቱ መካከል ደግሞ ደቻቱ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ድሬን የማያውቅ ሰው ደቻቱን ወንዝ ነው ሲሉት ይስቃል፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነውና። ሰው በአሸዋው ላይ ያቋርጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ግን ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ከተማው ላይ ያን ያህል ውኃ የሚያመጣ ዝናብ መዝነብ አያስፈልገውም፤ ተራራው ላይ ከዘነበ በቂ ነው። ስለዚህ ዛሬም የነፍስ ያወቀ የድሬ ሰው አሸዋው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቀና ብሎ ወደ ተራራው ያያል። ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት ናቸው ዛሬ ለዚህ ፈተና የሚቀመጡት።

እንግዲህ «ልጅ ሳለህ በእግርህ ትሄድ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ለእነሱ ሲመጣ ምን ማለት እንደሚችሉ ተመልከቱ። «ትምህርት ቤቴ ከወንዙ ማዶ ነበር። እናቴ በክረምት በአሸዋው እንዳላቋርጥ ትከለክለኝ ነበር። ተራራው ላይ ደመና ካየን፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም እንኳ በድልድዩ እንዞር ነበር።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የቀድሞ ልማድን የሚገልጽ ግስ አለው፣ «ካ» የሚል ሁኔታ አለው፣ «ቢሆንም እንኳ» የሚል ተቃርኖ አለው። ሰዋስው አስተማሪ አንድ ወር ሙሉ በባዶ ቦታ ሙላ የሚያስተምረው ነገር ሁሉ ራሱ መጣ። ስለምን? ታሪኩ እውነት ስለሆነ «መቼ»፣ «ለምን»፣ «ግን» እና «ያኔ» ይፈልጋል። የሸመደድከው ውሻ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር አይፈልግም፤ አሁን ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው የሚሄደው።

ካርዱ «ረጅም የእግር ጉዞ ግለጽ» ቢል ደግሞ ቁልቢ አለ። ለታኅሣሥ 19 ወይም ለሐምሌ 19 ደንገጎን በእግሩ ወጥቶ ስለት ያደረሰ ዘመድ የሌለው ሰፈር ይኖራል? ማን እንደሄደ፣ ለምን እንደተሳለ፣ ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ፣ የድሬ ሰው ብርድ ሲነካው እንዴት እንደሚሆን ማውራት ነው። ሁለት ደቂቃው ያንሳል። ለሙስሊሙ ልጅም የራሱ አለው፤ በረመዳን ከተራዊህ በኋላ የመጋላ መንገድ ሰው በሰው ሆኖ ሲነጋ ድረስ የሚኬደውን ይንገራቸው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ያለ ጉዳይ በእግር መሄድ ለእኛ ጥቂት ያሳፍራል። መንገድ ላይ ያገኘህ ሁሉ «ወዴት ነው?» ይልሃል፤ «እንዲሁ ነኝ» ካልክ ይጠረጥርሃል። ወጣቱ ለዚህ ነው መሰለኝ ቃሉን ከእንግሊዝኛ የተዋሰው። «ወክ እናድርግ» ሲባል ወዴት ተብሎ አይጠየቅም፤ ብዙ ጊዜም ከማን ጋር እንደሆነ ይታወቃል። ፈተናው የሚጠይቀውን ቃል በየቀኑ እየተናገረው ያለ ልጅ ፈተናው ላይ ሲደርስ መናፈሻ ይዋሳል። ከእግር መንገድ ዓይነቶች ሁሉ ስለ ከዚራው «ወክ» ቢናገር ፈገግ የማይል ፈታኝ የለም።

ስለ መንገዱ መናገር ያቃተው ሰው የመጀመሪያ ችግሩ አስጠኚው አይደለም። ሁለተኛ ደረጃን ሙሉ በእንግሊዝኛ ተምሯል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ እንግሊዝኛ ተፈትኗል፤ ፈተናው ግን ምርጫ ማጥቆር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም ወስዷል፤ ያም ምርጫ ነው። አንድም ቦታ አፉን ከፍቶ በመናገሩ ነጥብ አላገኘም፣ በዝምታውም ነጥብ አልጎደለበትም። አይልትስ ላይ ሲደርስ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሱ በእንግሊዝኛ ይጠየቃል። ከሌላ ሰው ሕይወት ቢበደር ምን ይገርማል?

የሚያናድደው ግን ይህ ሁሉ በድሬዳዋ መሆኑ ነው። እዚህ ከተማ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ላይዋ ላይ አደርኛ የሚጨምር የአሥር ዓመት ልጅ ብርቅ አይደለም። አንዱንም በባዶ ቦታ ሙላ አልተማረም። አንዱን ከጎረቤት፣ አንዱን ከገበያ፣ አንዱን ኳስ ሜዳ ላይ እየተሳሳተ፣ እየተሳቀበት፣ መልሶ እየተናገረ ነው የያዘው። ሦስት ቋንቋ በእግሩ እየዞረ የለቀመ ልጅ አራተኛው ላይ ሲደርስ ወረቀት ተሰጥቶት «ይህን ሸምድድ» ይባላል።

ኃይሌ ገብረሥላሴን አስታውሱ። አሰላ አጠገብ ካለው ገጠር ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ሲሮጥ አንድ ክንዱን አጠፍ የሚያደርገው ደብተር ይዞ ስለለመደ ነው። ይህን ታሪክ ዓለም በእንግሊዝኛ ሰምቶታል፣ እስከ ዛሬም ይደጋግመዋል። ኃይሌ በየማታው ከውሻ ጋር ሲንሸራሸር እንዳደገ ቢናገር ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር?

«ፈታኙ ደቻቱን አያውቅም፣ ቁልቢን አያውቅም» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። አለማወቁ እኮ ነው ጥቅሙ! የማያውቀውን ስትነግረው ማስረዳት ትገደዳለህ፤ «ደቻቱ ማለት አብዛኛውን ዓመት ደረቅ የሆነ ወንዝ ነው» ትላለህ። ማስረዳት ደግሞ ነጥብ ያለበት ሥራ ነው። መናፈሻ ምን እንደሆነ ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግህም፤ ስለዚህም ወዲያው ወሬ ያልቅብሃል።

የሌላውን ወገን ችግርም አልክድም። እውነተኛ ታሪክ ይዞ ቃል ያጠረው ሰው ይንተባተባል፣ ሸምድዶ የገባው ደግሞ ቢያንስ 20 ሴኮንድ ይፈስሳል። ፍርሃት ላለበት ልጅ ያቺ 20 ሴኮንድ ቀላል አይደለችም። ቃላቱን መሸምደድ ግን ሌላ፣ ሕይወቱን መሸምደድ ሌላ። ጥላ፣ አሸዋ፣ ጎርፍ፣ ስለት፣ ዳገት፣ ማቋረጥ፣ መዞር የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ያዝ፤ አሥር ቃል አይሞሉም። የቀረው ያንተ ነው።

ለአስጠኚዎቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ወጪ የለውም። አንድ ቀን ልጆቹን ከወንበር አስነሱና በ11 ሰዓት ከከዚራ ወደ መጋላ በእግር ይዛችኋቸው ውጡ። ሁለት ሁለት ሆነው፣ ስልካቸውን ለመቅጃ ከፍተው፣ የሚያዩትን በእንግሊዝኛ እያወሩ ይሂዱ። አንዱ ሲያወራ ሌላው «ለምን?» ብቻ ይበል። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ይቁሙ፣ ሰው ለምን ወደ ተራራው እንደሚያይ ለጓደኛቸው ያስረዱ። ማታ ቤታቸው ገብተው ድምፃቸውን ያዳምጡ፣ ያጠራቸውን ቃል ይጻፉ፣ በማግስቱ ያንኑ መንገድ ይድገሙት።