የወርቁን ዋጋ እናውቃለን፤ የውሃውን ማን ይንገረን?

ስልካችሁን አውጡና የዛሬውን የወርቅ ዋጋ ፈልጉ። አንድ ደቂቃ አይፈጅባችሁም። የዓለም ገበያ ስንት ገባ፣ ብሔራዊ ባንክ በስንት ይገዛል፣ 21 ካራት ስንት ነው፣ ሁሉም አለ። አሁን ደግሞ ሻኪሶ አካባቢ ሰውና ከብት የሚጠጣው የወንዝ ውሃ ውስጥ በዚህ ወር ምን ያህል አርሴኒክ እንደተገኘ ፈልጉ። እኔ ፈልጌ አላገኘሁም። ክርክሬ በሙሉ ከዚህ ልዩነት ነው የሚነሳው።

ለገ ደንቢ በኦሮሚያ ክልል፣ ጉጂ ዞን፣ ሻኪሶ አቅራቢያ የሚገኝ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ነው። ስሙ ራሱ ውሃ አለበት፤ በአፋን ኦሮሞ «ለገ» ማለት ወንዝ ነው። መንግሥት ማዕድኑን በ1980ዎቹ መጨረሻ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ሸጠው፤ የ20 ዓመት ፈቃድም ሰጠ። ጊዜው ሲያልቅ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ፈቃዱ ለ10 ዓመት ታደሰ። ያኔ የአካባቢው ሰው በተለይም ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ልጆች ከነሕመማቸው ይወለዳሉ፣ እናቶች ያስወርዳቸዋል፣ ከብቶቻችን ያልቃሉ የሚል አቤቱታ ነበር። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። መንግሥት ግን በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ላይ ፈቃዱን አገደ፤ ይጠና ተባለ። በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንዲቀጥል ተፈቀደ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ደግሞ መንግሥት ያስጠናቸው ጥናቶች ለሕዝብ ይፋ አለመደረጋቸውን ተችቷል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰው «ታመምን» ብሎ ጮኸ፣ ተጠና፣ ሥራው ተመለሰ። የተጠናለት ሰው ግን ውጤቱን በእጁ አልያዘም። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ደም ሰጥታችሁ፣ ውጤቱን ለአሠሪያችሁ ነግረው እናንተን «ደህና ነህ፣ ሂድ ሥራ» ቢሏችሁ ትስማማላችሁ?

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሰጋ ለመረዳት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። እንዲህ ባሉ ማዕድኖች ከአንድ ቶን አለት የሚወጣው ወርቅ ጥቂት ግራም ነው። ስለዚህ ተራራው ይፈጫል፣ ዱቄቱ በሳያናይድ ይታጠባል፣ ወርቁ ይለያል። የቀረው ጭቃ በግድብ ተይዞ ይቀመጣል። ሳያናይድ በፀሐይና በአየር ቀስ በቀስ ይበታተናል። ከአለቱ ጋር የወጣው አርሴኒክና ሌላው ከባድ ብረት ግን አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ እንዳይኖር ይመክራል። ይሄ መጠን በዓይን አይታይም፣ በምላስ አይቀመስም። የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። በአውሮፓውያኑ 2000 ሩማንያ ውስጥ ባያ ማሬ የተባለ ቦታ እንዲህ ያለ ግድብ ተሰብሮ ሳያናይድ ያለበት ውሃ እስከ ዳኑብ ወንዝ ድረስ ወርዷል። የሀንጋሪ ዓሣ አጥማጅ ያልቆፈረው ወርቅ ኑሮውን አበላሸበት።

ከወዲያ ያለውን ክርክር ችላ ማለት አልፈልግም፤ ከባድ ክርክር ነው። አገሪቱ ዶላር ያስፈልጋታል። ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያ በዶላር ነው የሚገባው። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ ከወጪ ንግድ ትልቁን ገቢ አስገኝቷል። የማዕድኑ ሠራተኛም ቤተሰብ አለው። «በቃ ይዘጋ» የሚለው መፈክር ቲክቶክ ላይ ብዙ ላይክ ያመጣ ይሆናል፤ ችግሩን ግን አይፈታም። ማዕድን ሲዘጋ የጭቃው ግድብ አብሮ አይሄድም። እዚያው ይቀመጣል፤ ያውም ጠባቂና በጀት አጥቶ። የሥራ ዕድል ያጣው ወጣት ደግሞ ወደ ባህላዊ ቁፋሮ ሊገባ ይችላል፤ እዚያም በባዶ እጅ ሜርኩሪ የሚያሽ ብዙ ነው።

ስለዚህ «ልማት ወይስ አካባቢ» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ትክክለኛው ጥያቄ፣ ገቢው ለሁሉም ሆኖ አደጋው ለምን ለአንድ ወረዳ ብቻ ይሆናል የሚለው ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የምንለው ለቀልድ ነበር። ወርቅ ላይ ተቀምጦ የሚጠጣውን ውሃ የሚጠራጠር ሰው ግን ቀልድ አይደለም።

የሚያስቆጨው ሕጉ መኖሩ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ እንዲመክርበትና ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዝዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆን ይጠይቃል። አዲስ አዋጅ አያስፈልገንም። ያለው ይከበር።

እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከማዕድኑ በታች ያሉት ወንዞችና ጉድጓዶች ከኩባንያውም ከፈቃድ ሰጪውም ነፃ በሆነ ላቦራቶሪ በየወሩ ይለኩ፤ ውጤቱም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ስልክ ላይ እንዲነበብ ይለጠፍ፣ በየቀበሌውም ይነገር። ሁለተኛ፣ በ2010 የጮኹት ቤተሰቦች የሚመለከታቸው ጥናቶች በሙሉ ይፋ ይሁኑ፤ የታመመ ካለ ሕክምናውን የሚከፍለው ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ፈቃድ ከመታደሱ በፊት ውጤቱ በአደባባይ ይነበብ፣ ነዋሪው ይጠይቅ፣ ኩባንያው ይመልስ። ኩባንያው እንደሚለው ጉዳት ካላደረሰ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚጠቀመው እሱ ነው። ንጹሕ ቁጥር ከአንድ ሺህ ማስተባበያ ይበልጣል።

ወጪው ይከብዳል የሚል ካለ፣ የወርቁ ንጽሕና እስከ መጨረሻዋ አሃዝ እየተለካ እንደሚሸጥ ላስታውሰው። መለካት እንችላለን ማለት ነው። ምን እንደምንለካ ነው የመረጥነው።

ጉዳዩ የጉጂ ብቻም አይደለም። ቱሉ ካፒ አለ፣ ኩርሙክ አለ፣ ነገ ሌላ ይመጣል። በየቦታው ሪባን ሲቆረጥ ፎቶውን ሼር የምናደርገው እኛ ነን። ያኔ ኮሜንት ላይ «እንኳን ደስ አለን» ከማለታችን ጋር አንዲት ጥያቄ እንጨምር፤ የውሃው ውጤት የት ነው የሚለጠፈው?